ጋሽ ኃይሉ የሌሉበት አልበም

ባለፈው ቅዳሜ ፓርክ ሂል ሰፈር ውስጥ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስወርድ፣ ከአንድ ክፍት ጋራዥ የቤንዚንና የእርጥብ ምንጣፍ ሽታ መጣብኝ። ወዲያው ጋሽ ኃይሉ ትዝ አሉኝ።

ልጅ ሳለሁ ጋሽ ኃይሉ እዚህ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ ከእኛ በላይ ባለው አፓርታማ ይኖሩ ነበር። በሥራ ቀን መንገደኛ የሚያመላልስ የኤርፖርት ሻትል ይነዳሉ። ቅዳሜ እናቴ ሆስፒታል ሥራ ስትገባ ግን እኔን ይዘው ፓርክ ሂል፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ፣ ከአሜሪካውያን ጓደኞቻቸው ጋር ሳክስፎን ይጫወቱ ነበር። አንድ ዘፈን ጀምረው፣ መንገዱን እዚያው እየፈለጉ፣ ግማሽ ሰዓት ይቆዩበታል፤ የዛሬው ያለፈውን አይመስልም። እኔ አሮጌው ሶፋ ላይ ተጋድሜ ከበሮው ሆዴ ውስጥ ሲመታ እሰማለሁ።

አስር ዓመት ሲሆነኝ አንድ ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ እሳቸውንም ጓደኞቻቸውንም አስፈረማቸው። የመጀመሪያው አልበም እዚያው ጋራዥ ተቀረጸ። ከወራት በኋላ፣ ኩባንያው አሰናድቶ የላከውን ለመስማት ተሰበሰብን። ጊታር ተጫዋቹ ማርክ ላፕቶፑን ከፈተ። ዘፈኖቹ ሁሉ አጥረዋል። የጋሽ ኃይሉ ሳክስፎን ብቅ ይልና ይጠፋል፤ ከሁሉ ይረዝም በነበረው ዘፈን ላይ ጭራሽ የለም። የከበሮ መቺው ሚስት እርጉዝ ናት፣ እሱም ለአልበሙ ብሎ ሥራውን ለቋል።

«ሁላችንም ካልተስማማን አይወጣም» አለ ማርክ። «ኃይሉ፣ ምን ትላለህ?»

ጋሽ ኃይሉ ሳክስፎናቸውን በመሐረብ ይጠርጉ ጀመር። ጠረጉ፣ ጠረጉ።

«ይውጣ» አሉ በመጨረሻ። «ስሜ ግን አይኑርበት። እኔ የተጫወትኩት ይሄን አይደለም።»

ስንመለስ መሪውን ጨምድደው ይዘዋል። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ መብራት ሲያቆመን ሳልጠይቅ ማለፍ አልቻልኩም።

«ዋይ? ኖ ማለት ይችሉ ነበር እኮ!»

«እችል ነበር» አሉ። «ከዚያ ቅዳሜ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

አልበሙ ወጣ፤ በሬዲዮም ተሰማ። ጋሽ ኃይሉ ከጋራዡ አልቀሩም።

ሃይስኩል ስጨርስ ሲያትል፣ ወንድማቸው ዘንድ ሄዱ፤ ሕይወታቸውም እዚያው አለፈ። ሊሄዱ ሲሉ ያልተቆረጠውን ረጅም ዘፈን በፍላሽ ሰጥተውኝ ነበር። መጨረሻው ላይ ሳክስፎኑ ዝም ይልና ትንፋሻቸው ይሰማል። ከዚያ በአማርኛ «እንዴት ነበር?» ይላሉ። ክፍሉ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ከእኔ በቀር አልነበረም። የአንዲት ልጅ ድምፅ ከሩቅ ይመልስላቸዋል፦

«አጌይን!»