«አታሳፍሪኝ» ያልኋት ሴት

ይህን ነገር የንስሐ አባቴ እንኳ አያውቁትም። ቁጣዬን፣ ጾም መሻሬን፣ ከወንድሜ ጋር ተኳርፌ የኖርሁበትን ዘመን ነግሬያቸዋለሁ፤ የሙሚናን ስም ግን በፊታቸው አንሥቼ አላውቅም። አሁን በጽሑፍ ሳወጣው አስቀድሜ ልናገር የሚገባኝ አለ። በእጄ አንድም ሰነድ የለም፤ ጥናቱ ሲዘጋ ወረቀቱ ሁሉ ተጭኖ ሄዷል። ያለኝ የራሴ ትዝታ ነው፤ እርሱንም ከዕድሜዬ የተነሣ ሙሉ በሙሉ አላምነውም። አብራኝ ትሠራ የነበረችውን ነርስ፣ ሲስተር ብርቄን፣ በስልክ ጠይቄአት አንዳንዱን አጽንታልኛለች፤ አንዳንዱን «እንዲያ እንኳ አልነበረም» ብላኛለች። ያልተስማማችበትን ትቼዋለሁ። ዋናውን ነገር ግን፣ ማለትም ከአፌ የወጣውን፣ የሰማነው እኔና ሙሚና ብቻ ነን።

ለብዙ ዓመታት በጭሮ፣ ብዙዎቻችን ዛሬም አሰበ ተፈሪ በምንላት ከተማ፣ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነበርሁ። ከሩቅ ተመድቤ መጥቼ በዚያው የቀረሁ ሰው ነኝ። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ ለቁርጥማት ሕመምተኞች አዲስ መድኃኒት የሚፈትሽ ጥናት ወደ እኛ መጣ። በብርድ ስለሚነሣው ተራ ቁርጥማት አይደለም የምናገረው፤ የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን እንደ ባዕድ ቆጥሮ መገጣጠሚያዎችን ስለሚያቃጥልበት በሽታ ነው። ከተሳታፊዎቹ ግማሾቹ አዲሱን መድኃኒት፣ ግማሾቹ መልኩ ያንኑ የሚመስል፣ በውስጡ ግን ምንም የሌለበት ኪኒን ይወስዳሉ። ማን የቱን እንደሚወስድ እኛም እነርሱም አናውቅም። ሁሉም ግን የቀድሞ ኪኒናቸውን ማቆም ነበረባቸው።

ሙሚና ከሂርና የምትመጣ ጫት ሻጭ ነበረች። ጫቱን መርጣ፣ ለክታ፣ በልጥ የምታስር፣ ኑሮዋ በጣቶችዋ ላይ የቆመ ሴት። በሽታው ምን እንደሆነ ሳስረዳት ጥቂት አሰበችና፣ «እንግዲያ የራሴ ደም ነው የከዳኝ» አለች። ሳቅሁ፤ ልክ ነሽ አልኋት። አማርኛዋ ከገበያ የተለቀመ ነበር። «አንተ» ትለኝ ነበር፤ በንቀት አይደለም፣ «እርስዎ»ን ስላልለመደችው ነው፤ እኔም እወደው ነበር።

የፈቃዱን ጽሑፍ እኔ በአማርኛ አነብባለሁ፣ ብርቄ ወደ ኦሮምኛ ትመልሰዋለች። ረጅም ነበር። ከአንቀጾቹ አንዱ፣ ተሳታፊው በፈለገ ጊዜ፣ ምክንያት ሳይሰጥ፣ ማንንም ሳያስቀይም መውጣት እንደሚችልና ወዲያው ወደ ቀድሞ ሕክምናው እንደሚመለስ ይናገራል። እዚያ ስደርስ ዘለልሁት። ብርቄ ቀና ብላ አየችኝ።

«ይኼስ?» አለች።

«ይቆይ፤ ያደናግራቸዋል።»

ይህን እርስዋም ታስታውሳለች። ምኑ ነበር የሚያደናግረው? ሰው ገና ሳይገባ መውጫውን ማሳየት ምን ይጠቅማል ብዬ አሰብሁን? እንዲያ ያሰብሁ ይመስለኛል። ሙሚና አውራ ጣትዋን ቀለም ነክራ ስትፈርም የባልዋ ታላቅ ወንድም ምስክር ሆኖ አጠገብዋ ቆሞ ነበር። በእርስዋ ዘንድ ያ ፈቃድ አልነበረም፤ በሽማግሌ ፊት የተሰጠ ቃል ነበር። አውቅ ነበር። ዕድሜዬን በዚያ አገር የጨረስሁ ሰው እንዴት አላውቅም?

በየቀጠሮው የእጅዋን ጉልበት የምንለካው የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ ጥቂት ነፍተን እንድትጨብጠው በማድረግ ነበር። ስትጨብጠው የመለኪያው መርፌ ከፍ ይላል። ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ የመርፌው ጉዞ እያጠረ ሄደ። አየሁ፤ መዘገብሁ፤ ሌላ ምንም አላደረግሁም።

አንድ ቀን ምርመራው አልቆ ብርቄ ወደ ላቦራቶሪ ስትሄድ ሙሚና ከወንበርዋ አልተነሣችም።

«ዶክተር፣ አንተ ካልተቀየምክ ወደ ድሮው ኪኒን ልመለስ?»

«ምነው?»

«ጫት ማሰር እምቢ አለኝ። አሁን ልጄ ፈቲያ ናት የምታስረው። እሷ ያሰረችው ደግሞ ከሂርና ሳይወጣ ይፈታል። ጫቱን የሚጭኑት ሾፌሮች ‹አንቺ ተይው፣ እናትሽን ላኪልን› እያሉ ይስቁባታል።»

ራስዋም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። በዚያው ሰሞን የጥናቱ ኃላፊ ከዋና ከተማ ደውሎ፣ ከእንግዲህ አንድ ሰው ቢወጣ የእኛን ጣቢያ እንደሚዘጋው ነግሮኝ ነበር። ጣቢያው ከተዘጋ ስሜ ከምርምሩ ጽሑፍ ይወጣል። ከዚያ ሁሉ ዘመን የገጠር አገልግሎት በኋላ ስሜን አንድ ጊዜ ታትሞ ለማየት ጓጉቼ ነበር። የአንዲት ሴት ጣቶች በአንድ ወገን፣ የእኔ ስም በሌላ ወገን። አንባቢዬ፣ ሳመዛዝን እንኳ ብዙ አልቆየሁም።

«ሙሚና፣ ቃል ሰጥተሽ የለም ወይ?» አልኋት። «ጥቂት ነው የቀረው። ሲያልቅ እውነተኛውን መድኃኒት ለሁላችሁም ይሰጧችኋል። እኔን አታሳፍሪኝ።»

እጆችዋን በሻርፕዋ ሸፈነቻቸው።

«ወላሂ፣ እኔ ቃሌን አልበላም» አለች። «ዶክተር ከሚያፍር እኔ ብታመም ይሻላል።»

ሄደች። መውጣት ትችያለሽ ማለት አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር። እስከ ሚኒባሱ መናኸሪያ ተከትዬ ልነግራት እችል ነበር። በሚቀጥለው ቀጠሮ፣ ከዚያም በሚቀጥለው ልነግራት እችል ነበር። አልነገርኋትም።

ጥናቱ አለቀ። ይሰጣል የተባለው መድኃኒት አልመጣም። ደወልሁ፣ ጻፍሁ፤ በመጀመሪያ «በሂደት ላይ ነው» አሉኝ፣ ኋላ ስልኩን ማንሣት ተዉ። ጽሑፉ ሲታተም ስሜ አልነበረበትም። ከዚያ ወዲያ በለቅሶ ቤትም በማኅበርም የማወራው አንድ ነገር ሆነ፦ ከዱን፤ በሽተኞቼን ተጠቅመው ጣሉ፤ እኔንም ጣሉ። የሰማኝ ሁሉ አዘነልኝ። ውሸት አልነበረም። ከድተውኛል፤ ዛሬም ያንገበግበኛል። ግን በዚያ ክህደት ምን ሠራሁበት? ለብሼው ተደበቅሁ። እነርሱ እኔን ሳይከዱ በፊት እኔ ሙሚናን ከድቼ ነበር። የእነርሱን ተስፋ የራሴ ቃል አድርጌ የሰጠኋት እኔ ነኝ። መውጫ እንዳለ የደበቅኋት እኔ ነኝ። መውጫውን ስትፈልግ በሩ ላይ የቆምሁባት እኔ ነኝ። አስቀድሞ የገዛ ደምዋ ከዳት፤ ቀጥሎ እኔ።

ባለፈው ዓመት ሂርና ሄድሁ። ሙሚናን ከቤትዋ ደጃፍ ፀሐይ ስትሞቅ አገኘኋት። ጣቶችዋ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተጋድመዋል፤ ከእንግዲህ የሚቃኑ አይደሉም። ፈቲያ አወቀችኝ፤ ወንበር አቀረበችልኝና፣ «ዶክተር፣ አሁን እንኳ የኔ እስር አይፈታም» ብላ ቀለደች። ተቀምጬ ሁሉን ተናገርሁ፤ የዘለልሁትን አንቀጽ፣ ከዋና ከተማ የተደወለልኝን፣ «አታሳፍሪኝ» ያልሁበትን ምክንያት። ሙሚና ዓይንዋን ከእጆችዋ ሳታነሣ ሰማችኝ።

ቀድሞ በአማርኛ ታናግረኝ የነበረች ሴት ያን ቀን በኦሮምኛ መለሰችልኝ። ረጅም ነው የተናገረችው፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም። ያን ያህል ዘመን ኖሬ ኦሮምኛዬ የት እንደሚያም ከመጠየቅ አያልፍም፤ ጆሮዬም ደክሟል። እጅ ማለት የሆነውን «ሀርካ»ን ደጋግሜ ሰማሁ። ሌላው አመለጠኝ። ስትጨርስ ፈቲያ ወደ እኔ ዞረች፤ የምታየው ግን መሬት መሬቱን ነበር።

«አፉ ብላዎታለች» አለችኝ፤ ይቅር ብላዎታለች ማለትዋ ነበር።

ያ ሁሉ ንግግር ይኸው ብቻ ነበርን? «ሌላውስ?» ብዬ ልጠይቃት ፊት አጣሁ፤ የሰውን ረጅም ነገር ማሳጠር ከእኔ የተጀመረ ነውና። አመስግኜ ተነሣሁ።

ስለዚህ ይቅርታ አግኝቻለሁ ብዬ አልጽፍም፤ እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ የተበደለችው ሌላ ናት። አንድ ነገር ብቻ ሳላረጋግጠው ቀርቷል። «አፉ» በዚያ አገር በኦሮምኛም በአማርኛም የሚነገር ያው ቃል ነው። ሙሚና ብላው ኖሮ ከንግግርዋ መካከል እለየው ነበር ብዬ አስባለሁ። አልሰማሁትም። ጆሮዬን ግን አላምነውም።