የምጽዋው መኮንን በቴፒ

አስረስ ባሕር ከማየቱ በፊት የሚያውቀው ትልቅ ውኃ፣ ክረምት ሲበረታ ከሚዛን ተፈሪ ገበያ በታች የሚተኛው ጎርፍ ነበር። ባሕር ኃይል ወጣቶች ሲመለምል ግን ቀድሞ ተመዘገበ።

«ልጄ፣ መሬት ሞልቶ ተርፎ ሰው ውኃ ላይ ይኖራል?» አሉት አባቱ።

ሳቀና ሄደ። ምጽዋ ሠለጠነ፤ ነጩን የደንብ ልብስ ለበሰ፤ ውሎ አድሮም የአንዲት የጥበቃ ጀልባ ምክትል አዛዥ ሆነ። ያ ዘመን ሁሉ አንድ ረጅም ሕልም ይመስለው ነበር። ባሕሩ ጸጥ ባለ ቀን ሰማይና ውኃ የሚለዩበት መስመር ይጠፋና ጀልባዋ በደመና መሐል የምትሄድ ትመስለዋለች።

ከሕልሙ የነቃው ምጽዋ በተከበበች ጊዜ ነው። ጀልባዋ ተመታች። አስረስ ከእሳቱ ወደ ባሕሩ ዘለለ፤ ዓሣ አጥማጆች ሲያወጡት ግራ ጆሮው ደንቁሮ ነበር። ጓዶቹ እዚያው ባሕሩ ውስጥ ቀሩ። ከሠራዊቱ ተሰናብቶ ቴፒ ቡና እርሻ ግምጃ ቤት ተመደበ።

ቴፒ «ኮማንደር» አለችው። ማለዳ ጉሙ ጫካውን ሲውጠውና የዛፎቹ ጫፍ ብቻ ብቅ ብቅ ሲል፣ ደጃፉ ላይ ፈዞ ይቆማል። ሚስቱ ማናልሞሽ ጠርታ ጠርታ ሲያቅታት መጥታ ትከሻውን ትነካዋለች። ወንዝ ግን አይወርድም። ውኃ እግሩን ሲነካው ይንቀጠቀጥ ነበር።

አንድ ነሐሴ ወንዙ ሞልቶ የእንጨት ድልድዩን ጠራርጎ ወሰደው። በማግስቱ ማለዳ ቡና ለቃሚው ጀይላን ከማዶ ይጮህ ጀመር። ሚስቱ ዙሌይካ ምጥ ጠንቶባታል፤ ክሊኒኩ ያለው ወዲህ ነው።

«ኮማንደር፣ ውኃ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እርስዎ ነዎት» አለው የክሊኒኩ ድሬሰር ታፈሰ።

ማናልሞሽ እጁን ያዘችው። «ካልቻልክ አልችልም በል፤ ማንም አይፈርድብህም።»

አስረስ ውኃውን ረዥም ጊዜ አየው። ቀይ ነው፣ ደፍርሷል፣ ጨው ጨው አይሸትም።

«ባዶ በርሜል አምጡ» አለ።

በርሜሎቹን አስሮ ቀርከሃ ረበረበባቸው። የረጅም ገመድ አንዱን ጫፍ ወዲህ ከዛፍ አስሮ፣ ሌላውን ድንጋይ አስሮበት ወደ ማዶ ወረወረው፤ ጀይላን ተቀብሎ ከዛፍ ጋር አጠበቀው። አስረስም ቀርከሃው ላይ ወጥቶ፣ ገመዱን እየሳበ ተሻገረ።

ሲመለስ ዙሌይካ ከኋላው ተኝታለች። መሐል ላይ ሲደርሱ የወንዙ ጩኸት ድንገት ራቀ። በደንቆሮው ጆሮው በኩል ጓዶቹ ከውኃው ሥር ስሙን ሲጠሩት ሰማ፤ ለስለስ አድርገው፣ ለምሳ እንደሚጠሩት። እጁ ገመዱ ላይ ቆመ።

«ዛሬ አይሆንም፤ ሰው ይዣለሁ» አላቸው።

ዙሌይካ ቀና አለች። «ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?»

«ከጓደኞቼ።»

ወንዙን አየት አደረገችና፣ «ሰላም ይበሉልኝ» አለች በደከመ ድምፅ።

አስረስ ሰላምታዋን አደረሰ። ከዚያ በኋላ ገመዱን ያለ ፍርሃት ሳበ።

ዙሌይካ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ድልድዩ እስኪጠገን አስረስ ሰውም ቡናም አመላለሰ። መስቀል ሲያልፍ ጀይላን አንድ ወፍራም ግንድ አግኝቶ አስጠራው፤ ሁለቱም እጅጌያቸውን ሰብስበው ታንኳ ሊፈለፍሉ ተቀመጡ።