የባይነሽ ምስክርነትና የእኔ እንግሊዝኛ

ሌላው ሰው እንግሊዝኛ ስለማያውቅ ዝም ይላል፤ እኔ ስለማውቅ ነው ዝም የምለው። ደሴ ውስጥ ስንት ዘመን ያስተማርኩት የእንግሊዝኛን ግስ ከግስ መለየት ነው። ፒያሳ ላይ ፈረንጅ መንገድ ቢጠይቀኝ፣ የሚስማማውን ግስ መርጬ እስክጨርስ ሰውዬው ባጃጅ ይዞ ሄዷል። እንግዲህ ይኼን ሰው ነው፣ ማለትም እኔን ከፍያለውን፣ ቤተ ክርስቲያናችን አስተርጓሚ አድርጋ የሾመችው።

ባለፈው ክረምት ባለቤቴ ባይነሽ በጠና ታማ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኛች። አልጋው ላይ ሆና፣ «ጌታ ሆይ፣ ከዚህ ካወጣኸኝ በሰው ፊት እመሰክራለሁ» ብላ ቃል ገባች። ባይነሽ ማለት ሰው ሲበዛ ድምፅዋ የሚጠፋ ሴት ናት። ቃል ግን ቃል ነው። የውጭ እንግዶች በመጡበት እሁድ ኮምቦልቻ ላይ ልትመሰክር ሆነ፤ እሷ በአማርኛ፣ እኔ ከጎኗ በእንግሊዝኛ።

ሚኒባሱ ውስጥ፣ «አደራህን፣ እንዳታሳፍረኝ» አለችኝ።

«ምን ነካሽ? ሥራዬ እኮ ነው!» አልኳት።

መድረክ ላይ ወጣን። የኮምቦልቻ ሙቀት፣ የእኔ ሱፍ ልብስ! ባይነሽ ማይኩን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ «ታምሜ ነበር» አለች። ተረጎምኩ። «ዳንኩ» አለች።

አለቀልኝ። ሂል ልበል? ቁስል የሻረላት ይመስላል። ኪዩር ብል ምስጋናው ሁሉ ለሐኪሞቹ ሊሆን ነው። ሪከቨር ብል ደግሞ በገዛ ጉልበቷ የተነሳች ይመስላል። ሴቭ ካልኩማ ጌታን የተቀበለችው ገና ባለፈው ክረምት ሊመስላቸው ነው፤ እሷ እኮ ከእኔ በፊት ነው የተቀበለችው!

ዝም።

«አሜን!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ወይ ጉዴ፣ መንፈስ የነካኝ መስሏቸዋል! አንዲት እናት እልልታቸውን ለቀቁት። ኪቦርዱ ቀስ ብሎ ያጅበኝ ጀመር። ፓስተሩ መጥተው ትከሻዬ ላይ እጃቸውን ጫኑ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ሪከቨርን ከኪዩር ጋር አመዛዝናለሁ። ደግሞ በዚያ ሁሉ እልልታ መሃል «ኧረ ግስ ጠፍቶኝ ነው» ማን ይላል? እኔም «አሜን» አልኩ።

የድሮ ተማሪዬ ሩቲ ፊት ወንበር ላይ ትቁነጠነጣለች። እሷ ያገኘችውን ግስ ወርውራ የምታልፍ ልጅ ናት። ዓይኔን ስገልጥ የባይነሽ ማይክ ወደ ታች ወርዷል፤ ከንፈሯ ደርቋል። ያ ሁሉ የተጨነቀችበት ቃል በእኔ ጣጣ ሊቀር ነው። ያኔ ነው የደነገጥኩት።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል?» አለችኝ።

«የቱን እንደምል ጨነቀኝ።»

«እዚህ አለች በላቸው! ይኸው ቆሜ የለም እንዴ?»

ዞሬ አየኋት። እውነትም ቆማለች። ነጠላዋን ለብሳ፣ ተቆጥታ፣ ክንዴን ይዛ ቆማለች። የሆስፒታሉ ኮሪደር፣ በር በተከፈተ ቁጥር የሰጋሁት ስጋት ሁሉ ተመልሶ መጣብኝ። ያለ እሷ ምን ልሆን ነበር?

«ሺ ኢዝ ሂር» አልኩ። የአንደኛ ክፍል እንግሊዝኛ።

ባይነሽ ማይኩን አነሳችና ምስክርነቷን እስከ መጨረሻው ተናገረች። የተረጎመችላት ግን ሩቲ ናት። እኔ ለቅሶ ይዤ ነበር፤ ይኼኛው እንደ ቅድሙ «አሜን» አይደለም፣ የእውነቴን ነው።