ለፊልም ያሰማሁት ኡኡታ

ጠመንጃ ሲቀባበል ድምፁ ቀጭን ነው። ያን ቀን ግን ያ ሁሉ ሰው እየጮኸ፣ ፈረስ እያሽካካ፣ እኔ ለይቼ ሰማሁት። ቀና ስል ጠመንጃው የዞረው ወደ ልጄ ነው። ጨዋታው ጨዋታ አለመሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ ትንፋሽ አጥሮኝ እየሮጥኩ እንኳ በልቤ እስቅ ነበር።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ብሔራዊ ውትድርና ከመጣ በኋላ፣ እዚሁ አዳማ ነው። ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት። ከዚያ ወዲህ ክፉም ደግም ብዙ አይቻለሁ። ይህን ግን አልረሳውም፤ በአንድ ከሰዓት ውስጥ እንደዚያ ፈርቼ፣ እንደዚያም ስቄ አላውቅማ። የኔ ትምህርት መሠረተ ትምህርት ላይ የቆመ ነውና አጻጻፌን አትዩብኝ።

ባሌ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። አንዴ ከወጣ ቶሎ አይመለስም። ቤቱን የምንጠብቀው እኔና ልጄ ሰይድ ነን። እኔ ወሎ ነው የተወለድኩት፤ ሰይድ ግን ናዝሬት ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛውም ኦሮምኛውም አፉ ላይ ያለ ልጅ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ሲገባ ቁመቱ ድንገት ተመዘዘ። ሌላ እናት ብትሆን ልጄ አደገልኝ ብላ ደስ ይላታል። እኔ ቁመቱን ፈራሁት። በዚያን ጊዜ ልጅ ለውትድርና ሲታፈስ ዕድሜህ ስንት ነው ብሎ የሚጨነቅ የለም፤ ቁመት ታይቶ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ በዚያው ሄዷል። በመኪና ተጭነው ሲያልፉ ቆሜ አይቻለሁ። ሽርሽር እንደሚሄድ ሰው እጃቸውን ያውለበልቡ ነበር።

ስለዚህ ሰይድን "ስትሄድ ጎንበስ በል" እለው ነበር።

"እማ፣ ያለ ዕድሜዬ ሽማግሌ አደረግሽኝ" ይለኛል። ግን ይታዘዘኛል። ከቤት ሲወጣ ትከሻውን ሰብሰብ፣ አንገቱን ቀበር አድርጎ ነው።

ትምህርት ቤታቸው አንድ ህንዳዊ የፊዚክስ አስተማሪ ነበር። ትንሽ የፊልም ካሜራ አለችው። ልጆቹ ለምነው አዋሳቸው። ጠለፋ ጎጂ ልማድ ነው የሚል አጭር ፊልም ሊሠሩ ነው። አለቃቸው ብርሃኑ የሚባል፣ መነጽር ያደረገ፣ ሲያወራ እጁ የማያርፍ ልጅ ነው። ካሜራውን የሚይዘውም እሱ ነው። የምትጠለፈው ትዕግሥት የምትባል የክፍላቸው ልጅ ናት። ጠላፊው ደግሞ፣ ረጅም ነው ተብሎ፣ የኔው ሰይድ።

ወጣት ተሰብስቦ ማየት ራሱ ያስፈራኝ ነበርና መጀመሪያ "ተው ልጄ፣ ይቅርብህ" አልኩት። "ትምህርት ቤቱ ያውቃል" አለኝ። በኋላ ግን ግቢዬ ውስጥ ሲለማመዱ ሳይ ልቤ እየለሰለሰ መጣ። ትዕግሥት በተጠለፈች ቁጥር ትስቃለች።

"ስትጠለፊ አይሳቅም!" ይላታል ብርሃኑ።

"ምን ላድርግ፣ ይቅርታ እየጠየቀ ነው የሚጠልፈኝ።"

እውነቷን ነው። ሰይድ ክንዷን በያዘ ቁጥር "አመመሽ እንዴ?" ይላታል። እንዲህ ያለ ጠላፊ የት አለ?

እናት ሆና የምትጫወተውን ልጅ ሻሽ አሰሯት፣ ነጠላ አለበሷት፤ ፊቷ ያው የልጅ ፊት ነው። ብርሃኑ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ሽንኩርት እየላጥኩ ስለነበር ዓይኔ እንባ አቅርሯል።

"እትዬ ዘሃራ፣ እርስዎ ለምን አይሆኑም?"

"አብደሃል እንዴ?"

ወዲያው ግን አሰብኩ። አብሬያቸው ከሆንኩ ልጄ ከዓይኔ አይርቅም። "እሺ፣ ምንድን ነው የማደርገው?" አልኩት።

"ልጅዎ ስትጠለፍ ያያሉ። ኡኡ ይላሉ። አለቀ።"

ጋሪውን ከኦቦ ቱሉ ተዋሱ። ኦቦ ቱሉ የሰፈራችን ጋሪ ነጂ ነው፤ ዳማ የሚለውን ፈረሱን ከሰው አብልጦ ይወዳል። ልጓሙን ለሰይድ ሲሰጠው "እንዳትመታው። መንገዱን ራሱ ያውቃል" አለው። ያን ጊዜ ልብ አላልነውም።

ሰው እንዳይሰበሰብብን ብለን ለማንም አልተናገርንም። የወጣነውም ከምሳ በኋላ ነው፤ ፀሐዩና የናዝሬት አቧራ ሰውን ሁሉ ቤቱ የሚከትበት ሰዓት። ቦኖው አጠገብ ቆምን። ትዕግሥት ጄሪካን ይዛ ውሃ ልትቀዳ ትመጣለች፤ ሰይድ ከጋሪው ዘሎ ይይዛታል፤ እኔ ከቤቴ በር ላይ ሆኜ አያለሁ።

መጀመሪያ ያለ ፊልም ሞከርን። ካሜራዋ ድምፅ አትቀዳም ስላሉኝ አፌን ብቻ ከፈት አደረግሁ። ብርሃኑ ራሱን ያዘ።

"እትዬ ዘሃራ፣ ልጅዎ ተጠልፋ እርስዎ ያዛጋሉ።"

"ድምፅ አይሰማም አላልክም?"

"አይሰማም፣ ግን የጮኸ ሰው ፊቱ ያስታውቃል። ፊልሟ ትንሽ ናት፤ ካበላሸን ሌላ የለንም። አደራ፣ ይጩሁ።"

ጀመርን። ትዕግሥት መጣች፤ አልሳቀችም። ሰይድ ዘሎ ያዛት፤ አመመሽ ወይ አላላትም። ብድግ አድርጎ ጋሪው ላይ ጫናት። ከዚያ ልጓሙን ይዞ ጋሪው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ልጄን ቀጥ ብሎ ቆሞ ካየሁት ስንት ጊዜዬ። ሙሉ ቁመቱን አየሁት። ያምራል። ጋሪው እየራቀ፣ አቧራው ከኋላ እየሸፈነው ሲሄድ ግን ልጆቹን የጫነው ያ መኪና ዓይኔ ላይ መጣብኝ። እጃቸውን የሚያውለበልቡት ልጆች መጡብኝ። ኡኡ አልኩ። ለፊልሙ ብዬ አይደለም። የራሴን ጆሮ አስደነገጠኝ።

ኡኡታ ሰምቶ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው የለም። ማነው፣ ምን ሆነ አይባልም፤ መጀመሪያ ይወጣል፣ በኋላ ይጠየቃል። በሩ ሁሉ ተበረገደ። ወፍጮ ቤት ያለው ጋሽ መኮንን ከራሱ እስከ እግሩ ዱቄት ሆኖ አጣና ይዞ ወጣ። ሴቶቹ ዘነዘና ይዘው ወጡ። አንድ ሰው ከፀጉር አስተካካዩ ቤት ግማሽ ራሱ ተላጭቶ ግማሹ እንዳለ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንደታሰረ እየበረረ መጣ።

"ልጅ ጠለፉ! በጋሪ ነው፣ ያዙት!"

እኔ "ኧረ ፊልም ነው፣ ተመለሱ" እላለሁ፤ ማን ሰምቶኝ። ጭራሽ ኦቦ ቱሉ ደነገጠና "ፈረሴን! ፈረሴን እንዳትነኩብኝ!" እያለ መሮጥ ጀመረ።

"የሽማግሌውንም ፈረስ ሰርቀውታል!" አለ ባለ ፎጣው፤ ሩጫው ባሰ።

ነጠላዬን ታጥቄ ከኋላ ተከተልኩ። ብርሃኑ ካሜራውን ዓይኑ ላይ እንደለጠፈ አጠገቤ ይሮጣል። "በማርያም፣ እንዳያቆሙ እትዬ ዘሃራ፣ እንዲህ ያለ ሕዝብ በገንዘብም አይገኝም" ይለኛል። እዚህ ላይ ነው በልቤ የሳቅሁት።

ሰይድ ዞር ብሎ የሚመጣበትን ሰው ሲያይ ጊዜ ልጓሙን ጥሎ ትዕግሥትን ደግፎ ያዘ። ዳማም መንገዱን ራሱ መረጠ። ሴቶች ስኳርና ዘይት ተሰልፈው ሲገዙ፣ ዕቃቸውን ሊጭን ሁልጊዜ የሚቆመው የቀበሌው ሱቅ በር ላይ ነው። ሱቁ ደግሞ ያለው ቀበሌው ግቢ ውስጥ ነው። ጠላፊን ከነተጠላፊዋ ወስዶ አብዮት ጥበቃው ፊት ቀጥ አለ።

አብዮት ጥበቃው ደበበ ይባላል፤ ልጅ እግር ነው። ሰው ሁሉ "ያዘው!" ሲል ሰማ። ጠመንጃውን ያቀባበለው ያኔ ነው።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ጠመንጃውና ሰይድ መሐል ቆምኩ። "ልጄ ነው!" አልኩ።

"የትኛዋ? ልጅቷ?" አለ ጋሽ መኮንን።

"ልጁ!"

"ልጁ ልጅሽ ከሆነ ለምን ኡኡ አልሽበት?"

ትዕግሥት ታስረዳልኛለች ብዬ ዞር ስል ሳቅ ይዟት መናገር አቅቷታል። አንዲት ሴትዮ ደረቷ ላይ ለጥፋ አቅፋታለች። "አይዞሽ የኔ ልጅ። ደንግጣ እኮ ነው፤ ድንጋጤ ያስቃል" ትላለች።

ሁላችንንም የቀበሌው ሊቀመንበር ቢሮ አስገቡን። ሊቀመንበሩ ቀበቶው ላይ ሽጉጥ የታጠቀ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው።

"ፊልም ከሆነ አሳዩኛ" አለ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ሳይታጠብ አይታይም። የሚታጠበው ደግሞ ውጭ አገር ነው" አለ ብርሃኑ።

"ስለዚህ ማስረጃችሁ ውጭ አገር ነው።"

ሊቀመንበሩ ዓይኑን ወደ ሰይድ መለሰ። "አንተ ጠላፊው፣ ቁም እስቲ።"

ሰይድ አንገቱን ቀብሮ ተነሣ።

"ቀጥ በል።"

ቀጥ አለ። ሊቀመንበሩ ከእግር እስከ ራሱ አየው። ጨርቅ እንደሚለካ ሰው ነው ያየው። "ዕድሜህ ስንት ነው?"

ሰይድ አፉን ሳይከፍት እኔ ቀደምኩ። "ጓድ፣ ማስረጃው እኔ ነኝ። ኡኡ ያልኩት እኔ ነኝ አይደል? ውሸት መሆኑን አሁን እዚሁ ላሳይዎት።"

"እንዴት አድርገሽ?"

"እንደዚያው ልበልና ይዩኝ።"

"እስቲ በይ" አለና ወንበሩን ደገፍ አለ።

ኡኡ አልኩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰ፤ አሁንማ ልጄ አጠገቤ ቆሞ ሲለካ አይቻለሁ። ሊቀመንበሩ ራሱ አዞኝ፣ ራሱ ብድግ ሲል ወንበሩ ተገለበጠ፤ እጁ ሽጉጡ ላይ ሄደ። ደበበ ጠመንጃውን ይዞ በሩን በርግዶ ገባ። ከውጭ ደግሞ ወደየቤቱ መመለስ የጀመረው ሰው ሁሉ አጥር እየዘለለ ተመለሰ። ፊተኛው ያው ባለ ፎጣው ነው። ጋሽ መኮንን አጣናውን እንደያዘ ሊቀመንበሩ ፊት ቆመ።

"ሴትዮዋን ምን አደረጋችኋት?"

"እኔ ነኝ ኡኡ በይ ያልኳት" አለ ሊቀመንበሩ።

"እርስዎ? ለምን?"

መጀመሪያ የሳቀው ኦቦ ቱሉ ነው። ከዚያ ደበበ አፉን በእጁ ያዘ። ከዚያ ሊቀመንበሩ ራሱ የተገለበጠውን ወንበር አየና ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዱቄትና አቧራ የለበሰ ሰው ሁሉ ቢሮው ውስጥ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

"ከዛሬ ጀምሮ" አለ ሊቀመንበሩ ዓይኑን እየጠረገ፣ "ቀበሌው ሳያውቅ ኡኡ የሚል ሰው እንዳላይ።"

"ቤት ቢቃጠልስ?" አለ ጋሽ መኮንን።

"ሲቃጠልማ ይፈቀዳል። በሉ ሂዱ።"

የዕድሜውን ነገር ረሳው። እኔ አልረሳሁትም፤ ሰይድን በእጅጌው ይዤ ወጣሁ። ደጅ ላይ ጋሽ መኮንንን "ሥራ አስፈታሁህ፣ ይቅር በለኝ" አልኩት። ኡኡታ መጫወቻ አይደለም ብሎ ይቆጣኛል ብዬ ነበር።

"ዘሃራ" አለኝ ዱቄቱን ከቅንድቡ ላይ እያራገፈ፣ "ነገም ኡኡ ብትዪ ፊልም ነው ብዬ አልቀርም። እወጣለሁ።"

ፊልሙን ብዙ ቆይተን አየነው። ህንዱ አስተማሪ ለእረፍት አገሩ ሲሄድ አሳጥቦ መጣ። ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ አንሶላ ሰቅለው አሳዩን፤ ሰፈሩ በሙሉ ተጠርቷል። ባለ ፎጣው ራሱን ሲያይ ፊቱን ሸፈነ። የኔ ፊት አንሶላውን ሞልቶ መጣ። አፌ ተከፍቷል፣ የአንገቴ ሥር ተገትሯል፣ ድምፅ የለም። ከኋላ ጋሽ መኮንን "ኡኡ!" አለ። ከዚያ ሰው ሁሉ ተቀበለው፤ የጎደለኝን ድምፅ ሞሉልኝ። እየሳቅሁ አለቀስኩ።

ሰይድ አልታፈሰም። ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። እኔም ያን ቀን ሳስበው ፍርሃቱ ሳይሆን ያ ሁሉ ሩጫ ነው የሚመጣብኝ፤ ብጮኽ የሚወጣልኝ ሰው እንዳለኝ በዓይኔ ያየሁበት ቀን ነው። ከሁሉ ግን ልቤ ላይ የቀረችው የዚያን ዕለት አመሻሽ ናት።

ከቀበሌው ኦቦ ቱሉ በጋሪው አደረሰን። ሰይድ አጠገቤ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ጎንበስ በል ልለው አፌ ላይ መጣ፤ ተውኩት። በራችን ላይ ወረድን። ሰይድ ቀድሞኝ ሲገባ እንደወትሮው ጎንበስ ማለቱን ረሳና ግንባሩ ከበሩ መቃን ጋር ጓ አለ።

"እማ፣ ይሄ በር ድሮም እንዲህ አጭር ነበር?" አለኝ ግንባሩን እያሸ።

ደፍ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ስጨርስ ተነሣሁ፣ ገባሁ፣ በሩን ቀረቀርኩት። አልሀምዱሊላህ። ልጄም እኔም ቤታችን ገባን፤ ምንም አልሆንንም።