በጊዮርጊስ ዕለት ያልተፈታው ክሮቼራ

ትናንት ከላሊበላ ገበያ የተሳፈርኩበት መኪና ሲነሳ ከሆዱ ሥር «ቋ» አለ። ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፍ አደረገ። እኔ ግን «ወራጅ!» ብዬ ቀሪውን መንገድ በእግሬ ተያያዝኩት። ለአንዲት «ቋ» ትለኝ ይሆናል።

ያንን ድምፅ ለይቼ እንዳውቅ ያደረገኝ አባቴ ነው። የአሮጌ ጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ቤታችን ሁሉ ናፍታና ግራሶ ይሸታል። ልጅ ሳለሁ ከመኪናው ሥር አጠገቡ ያስተኛኛል። «ካምቢዮው ከፊት ከፍ ብሏል፣ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ድፍረንሻል ከኋላ ዝቅ ብሏል፤ መንገዱ ደግሞ ያነጥረዋል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ቀጥ ያለ ዘንግ ብቻ ቢሆን አይሰበርም?» ይለኝና ጣቶቹን ከጣቶቼ ያቆላልፋል። «ሹካ ከዚህ፣ ሹካ ከዚያ፣ መሃል ላይ አራት ክንድ ያለው ብረት። ክሮቼራ ማለት ይሄ ነው። ይታጠፋል እንጂ ዙሩን አይለቅም።» አንዱ ክሮቼራ ብቻውን ሲሆን ዙሩ ፈጠን ዘግየት እንደሚል፣ በዘንጉ ሌላ ጫፍ ያለው ሁለተኛው እንደሚያስተካክለው፣ ክሮቼራ ሲበላ ደግሞ መኪናው ሲነሳ «ቋ» እንደሚልም ነግሮኛል።

ሁሉንም ያውቅ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው።

ከዓመታት በፊት፣ በጊዮርጊስ ዕለት ጠዋት፣ መኪናው «ቋ» አለ። አዲሱ ክሮቼራ ተገዝቶ ከወንበሩ ሥር ተቀምጧል። ለምን አትቀይረውም አልኩት።

«በጊዮርጊስ ብረት ፈትቼ አላውቅም። ነገ።»

«መንዳቱስ?»

«መንዳት ደግሞ ምኑ ሥራ ነው? ተቀምጦ መሄድ!»

እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ መፍቻ መጨበጥ ኃጢአት፣ መሪ መጨበጥ ምንም።

ከሰዓት በኋላ እህቴን ምጥ ያዛት። ጋቢና ውስጥ መሃላችን አስቀምጠናት ከሰፈራችን ከገነተ ማርያም ወደ ላሊበላ ሆስፒታል ተነሳን። ዳገቱ ላይ ክሮቼራው ተሰበረ፤ ዘንጉ ወርዶ መሬቱን ጫረው። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይዞርም። ወርጄ ለጎማው ድንጋይ አስደገፍኩ። ስልኬ ኔትወርክ የለው፣ የሚያልፍ መኪና የለ።

ያኔ በዓሉ ተረሳ። አባቴ ከሥር ተኝቶ ብረት ፈታ። እሱ ከታች ሲቀጠቅጥ እኔ ከላይ ሕፃኗን ተቀበልኩ። ጋቢናው ደም ደም ሸተተ።

«አባዬ ጨረሰ?» ትለኛለች እህቴ።

«ሊጨርስ ነው።»

ደሟ አልቆም አለ። አዲሱ ክሮቼራ ገብቶ መኪናው ሲነሳ አንዳች ድምፅ አላሰማም። እህቴም ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።

ለቀስተኛው «የፈጣሪ ፈቃድ ነው» አለ። የአባቴ ፈቃድ ነበር እንጂ! አብረን እንኖራለን። ምሳውን አቀርባለሁ፣ ልብሱን አጥባለሁ፤ ይቅር ግን አላልኩትም።

ትናንት በእግሬ ቤት ስደርስ አባቴንና ያኔ የተወለደችውን የእህቴን ልጅ ደጅ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጣቶቹን ከጣቶቿ አቆላልፎ «ይታጠፋል እንጂ አይለቅም» ይላታል።

«ከለቀቀስ፣ አባባ?» አለችው።

ቀና ሲል ከእኔ ጋር ተያየን። እሷም መልሱን እየጠበቀች፣ ጣቶቿን ከጣቶቹ ሳታላቅቅ ተቀመጠች።