የለንደንን ዝናብ ለአማቴ ስሸጥ

ነገሩ በጠቅላላ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አርባ ዶላር ፈጅቶብኛል። በዚህ ገንዘብ የገዛሁት አንድ ክርክር ነው፤ እሱንም ተሸንፌ።

የተከራከርነው እኔና የባለቤቴ ታናሽ እህት ነን። እሷ ለንደን ትኖራለች፣ እኔ አትላንታ። ከተማዋ ዳር፣ ክላርክስተን ውስጥ የሐበሻ ልብስ፣ ቅመማ ቅመምና ሻንጣ የምሸጥበት ሱቅ አለኝ። የሻንጣው ነገር አይናቅ፤ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሁሉ በመጨረሻው ቀን ነው ሻንጣ እንደሚያስፈልገው የሚገባው።

ያከራከሩን አማቴ ናቸው። ከአዲስ አበባ የመጡት መጋቢት ላይ ነው። ፓስፖርታቸው ላይ የአሜሪካም የእንግሊዝም ቪዛ አለ፤ የእንግሊዙ መስከረም ላይ ያበቃል። ስለዚህ ጥያቄው አጭር ነበር። ሰመሩን እኛ ዘንድ ይቆያሉ ወይስ ለንደን ይሄዳሉ?

እኔ እንዲቆዩ የፈለግሁበትን ምክንያት አልደብቅም። አማቴ ሱቄ ጥግ ወንበር ይዘው ከተቀመጡ ወዲህ ዋጋ የሚከራከረኝ ሰው ጠፋ። ገዢው ቀሚሱን እያገላበጠ «ትንሽ ቀንስልኝ እንጂ» ሲል፣ እሳቸው ከጥግ «ልጄ፣ የማን ልጅ ነህ?» ይሉታል። የአባቱን ስም፣ የእናቱን ሰፈር፣ አክስቱ ለማን እንደተዳረች ሳይቀር ከተናገረ በኋላ ቅናሽ ለመጠየቅ ፊት ያለው ሐበሻ እስካሁን አልገጠመኝም። ጊዜው ደግሞ የሠርግና የምረቃ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በገበያ ወቅት ለለንደን አይሰጥም።

ባለቤቴ፣ «እናቴን ነው የምትወዳት ወይስ ካሸሯን?» አለችኝ።

«ሁለቱንም፣ በአንድ ደሞዝ» አልኳት። የደሞዙን ልክ እሷም ታውቀዋለች።

የለንደኗ መሣሪያ ፎቶ ነበር። ግንቦት ሲያልቅ መላክ ጀመረች፤ ፓርክ ውስጥ፣ ሣር ላይ፣ በጥቁር መነጽር፣ እጅጌ በሌለው ልብስ። «እማዬ፣ ፀሐዩን እዪልኝ እስቲ። የለንደን ዝናብ የሚሉት የድሮ ወሬ ነው።»

እኔም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። የለንደንን አየር ስልኬ ላይ ከአትላንታው ጎን አስቀመጥኩና በየጠዋቱ ሱቅ እንደከፈትን አነብላቸው ጀመር። በፋራናይት ስነግራቸው «በእኛ ቁጥር አድርገው» ስላሉኝ ወደ ሴልሺየስ ቀየርኩት።

«እማማ፣ ለንደን ዛሬ ደመና ነው።»

«እሺ።»

«ከሰዓት በኋላ ይዘንባል።»

«ብዙ?»

«ካፊያ ነው፤ ግን ቶሎ አይተውም።»

«ነፋስስ አለው?»

«አለው እንጂ። ሹራብ ሳይዙ አይወጣም።»

«ጉድ ነው» ይሉና ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። እኔም ነገሩ ገብቷቸዋል ብዬ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

ያ አገርም ለሁለታችን የተመቸ ነበር። ሰኞ ሃያ ስምንት ይገባና ረቡዕ አስራ ሰባት ይሆናል። ጠዋት ፀሐይ፣ ቀትር ላይ ዝናብ፣ ማታ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ፀሐይ። እሷ የጠዋቱን ፎቶ ትልካለች፣ እኔ የከሰዓቱን አነባለሁ፤ ማናችንም አልዋሸንም።

አንድ ቀን ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገን ስናወራ ነገሩ ተካረረ።

«አንተ ነጋዴ» አለችኝ፣ «እናቴን በዝናብ ታስፈራራለህ አሉ።»

«የእንግሊዝን ዝናብ እኔ አልፈጠርኩትም።»

«ዘንድሮን አላየህም። ዘንድሮ ልዩ ነው።»

«ሻጭ ሁሉ ዘንድሮ ልዩ ነው ይላል። የከረመው መዝገብ ይታይ። እንግሊዞች ሙቀት እየለኩ መጻፍ ከጀመሩ ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።» ይህን ከልጄ ነው የሰማሁት፤ ከየት እንዳመጣሁት ግን አልጠየቀችኝም።

«ይታይ። መዝገቡ ለእኔ ከፈረደስ?»

«ቲኬታቸውን ከኪሴ እቆርጣለሁ።»

ከጎኔ ፀጉር ቤት ያለው ጎረቤቴ ብር ሊዘረዝር ገብቶ ቆሞ ነበር። «ሰምቻለሁ» አለ። ያለ ምስክር የተነገረ ቃል እንደ አየሩ ይለዋወጥ ነበር፤ የእኔ ግን በዚያው ደረቀ።

ለማንኛውም ብዬ በጎን ደግሞ ምቾት መግዛት ጀመርኩ። ስኮትዴል ያለው ቤታችን ላይኛው ፎቅ ስለሚሞቅ ለመኝታ ቤታቸው በሦስት መቶ ሰማንያ ዶላር የሚንቀሳቀስ ኤሲ ገዛሁ። ሱቁ ደጃፍ ላይ ነፋስ እንዲቀበሉ ጥላ ያለው ወንበር በስልሳ ጨመርኩ። ኤሲውን አንድ ሌሊት ሰሙት። ጠዋት፣ «ይሄ ነገር ሲያጉረመርም ያድራል፤ የቂም ነገር አለው» ብለው አጠፉት። ወንበሩ ላይ አንድ ቀን ተቀመጡ፤ ፀሐይዋ ዞራ እግራቸውን ስትነካቸው ተነስተው ገቡ፤ ዳግም አልወጡም።

አዲስ አበባ ሳሉ በየጠዋቱ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው እስከ ገበያ በእግራቸው ደርሰው የሚመለሱ ሰው ናቸው። እዚህ ከቤት ኤሲ ወደ መኪና ኤሲ፣ ከመኪና ወደ ሱቅ ኤሲ። ፓርኪንጉን ለማቋረጥ ራሱ ጃንጥላ ይዘረጋሉ።

«ከፍሪጅ ወደ ፍሪጅ ነው የምታዘዋውረኝ» አሉኝ አንድ ጠዋት። «መሐሉ ደግሞ ምድጃ።»

ሳቅኩና መኪናውን አስነሳሁ። መስማት የነበረብኝ ያኔ ነበር።

ሐምሌ ሲገባ አንድ ቀን ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረ፤ ነጎድጓድ መጣ፤ ዝናቡ በአንዴ ወረደ። ፓርኪንግ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ሮጠ። አማቴ ብቻ ከወንበራቸው ተነስተው ወጡ። በረንዳው ስር ቆመው እጃቸውን ወደ ዝናቡ ዘረጉ። በመስታወቱ ሳያቸው፣ ከመጋቢት ወዲህ እንደዚያ ፊታቸው ፈክቶ አይቼ አላውቅም።

ዝናቡ ብዙም አልቆየ፤ ሲያቆም ፀሐይዋ ተመልሳ ወጣች፤ ከአስፋልቱ እንፋሎት ይነሳ ጀመር። ግንባራቸውን እየጠረጉ ገቡ።

«ዘንቦም አይበርድም እንዴ እዚህ አገር?»

«አትላንታ እንዲህ ነው፣ እማማ።»

«እኛ ጋ እኮ ሐምሌ ሲዘንብ ሰው ጋቢ ይደርባል። ይሄ ክዳኑ የተነሳ ድስት ነው።» ተቀመጡና ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ «ለንደን ዛሬ ምን አለ?» አሉ።

መርካቶ ያሳደገኝ ሰው ነኝ፤ አንድ ነገር አውቃለሁ። ዕቃ የማይፈልግ ሰው ጉድለቱን አንዴ ጠይቆ ይሄዳል። ጉድለቱን ተመላልሶ የሚጠይቅ ሰው ልቡ ገዝቶ ጨርሷል። አማቴ ስለ ካፊያው፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ሹራቡ በየጠዋቱ ነበር የሚጠይቁት። እኔ ደግሞ ለንደንን አራክሳለሁ ብዬ የአዲስ አበባን ሐምሌ ሳነብላቸው ከረምኩ።

የለንደኗም ከእኔ አትሻልም። ከማውቃቸው ጀምሮ ለፀሐይ ጃንጥላ ለሚይዙ ሴት የፀሐይ ፎቶ ትልካለች። ፈረንጅ አገር ብዙ ስንቀመጥ ለካ ፀሐይ ሁሉ መልካም ነው የሚለው የእነሱ በሽታ ተጋብቶብናል። እናቷ ካፊያ ሲናፍቁ እኛ ማን የበለጠ ፀሐይ አለው እያልን እንጣላለን።

እኔ ግን ከእሷ ቀድሜ ነቃሁ። በማግስቱ ወሬውን ገለበጥኩት።

«እማማ፣ ለንደን እኮ ከጥቂት ዓመታት በፊት አርባ ዲግሪ ገብቶ ነበር።»

«በእኛ ቁጥር?»

«በእኛ ቁጥር። አብዛኛው ቤታቸው ደግሞ ኤሲ የለውም።»

«ወይ ጉድ።»

«በፈረንጆቹ ሰባዎቹ ውስጥም እንግሊዝ አገር አንድ ሰመር ዝናብ ጠፍቶ፣ በአንዳንድ ቦታ ሰው ውሃ መንገድ ላይ ተሰልፎ ይቀዳ ነበር አሉ።»

ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ከመዝገቡ ነው ያወጣኋቸው። ከዚያ የለንደኗን ደወልኩላትና ስፒከር ላይ አደረግኳት።

«ቀዘቀዘባችሁ አሉ» አልኳት።

«ምን ይቀዘቅዛል? ሰላሳ ሁለት ነው። ባቡር ውስጥ ተቀቅለን ነው የመጣነው። ማታ መስኮት ከፍተን ነው የምንተኛው።»

«እንደዚህ ይቆያል ብለሽ ነው?»

«ይብሳል እንጂ» አለች፤ ያሸነፈች መስሏት።

አማቴ አንገታቸውን ደፉ። «ሙቀት ለሙቀት ምን ያንከራትተኛል? እዚሁ ልሁን መሰለኝ» አሉ። በሕይወቴ ተፎካካሪዬ ዕቃዬን ሲሸጥልኝ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

እሁድ ልጄ መጣች። እዚሁ አትላንታ ያደገች ናት፤ ኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ ስለ ማዕበልና ስለ ጎርፍ ዳታ ስታሰላ ነው የምትውለው። አያቷ ገና ከበሩ ያዟት።

«ነይ አንቺ የአየር ባለሙያ። አባትሽ አንድ ወር ሙሉ ለንደን ብርድ ነው አለኝ፤ ይሄን ሳምንት ደግሞ እሳት ነው ይለኛል። የቱ ነው?»

«ነይ እስቲ ከጓዳ ካርቶን አውርጂልኝ» አልኳት።

«ቆይ፣ ዳዲ።» ስልኳን አወጣች። «አርባው እውነት ነው እማማ፣ ግን ሪከርድ ነው። ላይክ… ዳዲ በዓመት አንድ ቀን በጣም ብዙ ይሸጣል አይደል? ያን ቀን ብቻ አይተሽ ሱቁን ብትገዢው ትከስሪያለሽ።»

«ሱቄን ተዪው» አልኩ።

«አቨሬጁን ነው ማየት ያለብሽ። ለንደን ሐምሌ ላይ ቀኑ ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት ነው። ሌሊቱ አስራ አራት። ከድሮው እየሞቀ መጥቷል፣ እሱ ውሸት አይደለም፤ ሞቃት ቀን በዝቷል። ግን ጥቂት ቀን ይሞቅና ይመለሳል።»

«ዝናቡስ?»

«አክቹዋሊ፣ በዓመት ሲደመር አትላንታ ከለንደን እጥፍ ያህል ይዘንባል።»

«ምን?» አልኩ። የዝናብ አገር እያልኩ ስሟን ሳጠፋት የከረምኩት ለንደን ከእኔ ግማሽ ናት።

«እጥፍ፣ ዳዲ። እዚህ በአንዴ ይደፋዋል። እዚያ ትንሽ ትንሽ እያለ ብዙ ቀን ያንጠባጥባል።»

አማቴ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፉት። «ጠዋት ጠዋት ሹራብ ያስለብሳል?»

«ያስለብሳል።»

«ሲዘንብ ይበርዳል?»

«ይበርዳል፣ እማማ።»

«እንግዲያ ይሄ የሰፈሬ ክረምት ነው። ሰመር ሰመር ትሉኛላችሁ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ቲኬቱን እኔ እቆርጣለሁ ብለህ ነበር አይደል፣ ልጄ?»

«እማማ፣ መዝገቡ እኮ ይዘንባል ነው ያለው። እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው። ልክ ነበርኩ ማለት ነው።»

«ልክ ነህ እንጂ። ለእሱ ብዬ ነው የምሄደው። እግዜር ይስጥልኝ፤ እጅህ አይንጠፍ።»

ምርቃት ከተቀበሉ በኋላ ዋጋ መከራከር አይቻልም። ቲኬቱ አንድ ሺህ አንድ መቶ መጣ። ሚስቴ ለእህቷ በርበሬና ሽሮ ስታጭቅ ሻንጣው በዛና ኤርፖርት ላይ ለትርፍ ሻንጣ ሌላ መቶ አስከፈሉኝ። ሻንጣውን የሰጠሁት ከሱቄ ነው፤ እሱን አልቆጠርኩትም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የለንደኗ ደወለች። የድል ወሬ ጠብቄ ነበር።

«እናቴን ምን አድርገህ ነው የላክሃት?»

«ምነው?»

«የዓመት ፈቃዴን ወስጃለሁ፤ ባሕር አሳያታለሁ ብዬ። ፀሐይ ሲወጣ መጋረጃ ዘግታ ትቀመጣለች። ሲያካፋ ጃኬቷን ደርባ ውጪ ትላለች። እኔ ዛፍ ስር ተጠልዬ እጠብቃታለሁ። ጎረቤቴ ፈረንጇ ስለ አየሩ ይቅርታ ትጠይቃታለች፤ እሷ ተመስገን ትላታለች።»

«ፎቶ ላኪልኝ» አልኳት።

ላከች። አማቴ እርጥብ ሣር መሐል ቆመዋል፤ ነጠላቸው በጃኬቱ ላይ፣ ጃንጥላቸው ተጣጥፎ በእጃቸው።

ከዚያ አማቴ ስልኩን ተቀበሏት። «ሱቁ እንዴት ነው?»

«ቀዝቀዝ ብሏል፣ እማማ።»

«እሰይ። እዚያም በረደላችሁ?»

«ገበያው ነው።»

«እሱ ይሞቃል፣ አታስብ። እኔ እስከ ፓርኩ ጫፍ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ። ጉልበቴ ተፍታታልኝ። ቪዛው እስኪያልቅ አልንቀሳቀስም።»

ምን ይባላል? «እንኳን ደስ አለዎት» አልኩ፤ ከልቤም ነው።

ሱቁ ውስጥ ክርክሩ ተመልሷል። ሰው ገብቶ ባዶውን ወንበር ያይና፣ «እማማ የሉም?» ይላል፤ የሉም ስለው በዚያው ትንፋሽ «እንግዲያ ትንሽ ቀንስልኝ» ይለኛል። እቀንሳለሁ።

ኤሲውን ጎረቤቴ ባለፀጉር ቤቱ ጠየቀኝ። በሦስት መቶ ሰማንያ የገዛሁት ነው አልኩት። አማቴ አንድ ሌሊት ሰምተው እንዳጠፉት ያውቅ ስለነበር ከሁለት መቶ ፈቀቅ አላለም። ሰጠሁት።

ወጪ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አርባ። ከኤሲው የተመለሰ ሁለት መቶ። ቀሪ ኪሳራ አንድ ሺህ አራት መቶ አርባ ዶላር።