ጨዋታው ሳያልቅ የምንነሳ ሰዎች

የፕላስቲክ ወንበር ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት የሚያወጣው ድምፅ አለ፤ ጥርስ የሚያፋጭ። ባለፈው እሑድ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ፣ ኳስ በቴሌቪዥን ከሚያሳዩበት አዳራሽ ተቀምጬ ያንን ድምፅ ሰማሁ። ወጣቶቹ የሚደግፉት ቡድን ዘንድሮ ጎል ማግባት ዳገት ሆኖበታል። "አጥቂ የለንም!" ይላል አንዱ። "አጥቂማ ሞልቷል፣ የሚያቀብለው ነው የጠፋው!" ይላል ሌላው። "ሰዓቱ እያለቀ ወደ ኋላ ያቀብላሉኮ! ኧረ ፍጠኑ!" እያለ ሦስተኛው ቴሌቪዥኑን ይቆጣል። እንዲህ ሲባባሉ ቆዩና ሁለተኛው ጎል ሲገባባቸው ወንበሩን እየጎተቱ ተነሡ።

"አባባ፣ አለቀኮ። አይነሱም?" አለኝ ከጎኔ የነበረው ጎረምሳ።

"ዳኛው ሳይነፋ አልነሳም" አልኩት።

ሳቀ። ይሳቅ። ያ የወንበር ድምፅ እኔን የት እንደወሰደኝ በምን ያውቃል? አንተ ግን ጊዜ ካለህ ላጫውትህ።

ያኔ እዚሁ ኮልፌ፣ የበርሜል ቆርቆሮ እየቀጠቀጥን ባልዲና የከሰል ማንደጃ ከምንሠራበት ቤት ነበር የምውለው። ትምህርቴን በጊዜ ነው የተውኩት፤ ከፊደል ብዙም አልራቅኩም። ጉልበት ግን ነበረኝ፣ ኳስም እወድ ነበር። የሰፈራችን ቡድን፣ ምን ልበልህ፣ ማሊያው ያማረ፣ ጨዋታው ያላማረ ቡድን ነበር። ማሊያውን የሰፋው የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነው፤ ቢጫ ሆኖ እጅጌው አረንጓዴ። ከሩቅ ሲያዩት ደስ ይላል። ኳሱ ሲጀመር ነው የሚያስከፋው።

በዚያ ዘመን አንድ ልማድ ነበረ። ያሸነፈው ሰፈር ደጋፊ የተሸነፈውን ሰፈር ደጋፊ እስከ ደጁ ድረስ እየዘፈነ ይሸኘዋል። "ግቡ ቤታችሁ፣ ሽሮው ቀዘቀዘባችሁ!" እያለ፣ በዋናው መንገድ መሐል ለመሐል፣ ሴቱም ሽማግሌውም እያየ። ይህን መስማት ለእኛ ሞት ነበር። ስለዚህ መላ ዘየድን። መሸነፋችን ቁርጥ ሲሆን ጨዋታው ሳያልቅ አንድ ባንድ ሹልክ እንላለን። አንዱ ሽንቴ መጣ ይላል፣ አንዱ ቀና ብሎ ደመናውን ያያል። ዳኛው ሲነፋ እኛ ቤታችን ገብተን እግራችንን ታጥበናል።

ሰኞ ከሥራ ስንወጣ ልብስ ሰፊው ቤት እንሰበሰባለን። እርጥብ ጨርቅ ላይ የተጫነ የከሰል ካውያ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ከኔ ሌላ ልብስ ሰፊው፣ አንድ የአውቶቡስ ሾፌርና ባለልኳንዳው አይጠፉም።

"ኳሱ ከመሐል አያልፍም፤ በምን ይጠቃል?" ይላል ልብስ ሰፊው፣ መርፌውን በጥርሱ እንደያዘ።

"የለም፣ የለም" ይላል ሾፌሩ። "ነገሩ መጨረሻው ላይ ነው። ሰዓት ሲያልቅ ሰው ማርሽ ይቀይራል። የኛዎቹ ባንደኛ ማርሽ ገብተው ባንደኛ ማርሽ ይወጣሉ!"

"አትድከሙ" ይላል ባለልኳንዳው። "አጥቂያችን ነው ችግሩ። ዘንድሮ አንድም አላገባ። ኳስ ሲደርሰው እንደ ሙሽሪት አንገቱን ይሰብራል።"

"ጮማ ቁረጥለታ፣ ያገባ እንደሆን።"

"ለማያገባ አጥቂ ጮማ አልቆርጥም!"

አንድ ሰኞ እንዲሁ ስንንጫጫ በሩ ጨለም አለ። ቀና ስንል አጥቂው ራሱ ነው። ጋራዥ ነበር የሚሠራው፤ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ነው። የተቀደደ ማሊያውን ሊያሰፋ መጥቶ ሁሉንም ሰምቶናል። ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ሰላምታ እንኳ በጭንቅላቱ ነው የሚሰጠው።

"ቀጥሉ እንጂ" አለ። ወደ ሾፌሩ ዞሮ "ጋሼ፣ ትናንት መጨረሻ ላይ የመታሁት ኳስ ምን ሆነ?" አለው።

ሾፌሩ ባለልኳንዳውን አየ። ባለልኳንዳው የልብስ መኪናውን አየ።

"ከፍ ብሎ... አልሄደም እንዴ?"

"ቋሚውን መታ። የቋሚው ባሕር ዛፍ ሲነቃነቅ አየሁና ሰው አይቶልኝ እንደሆነ ብዬ ዞርኩ። የእናንተን ጀርባ ነው ያየሁት፣ ዳገቱን ስትወጡ።" ድምፁ ከፍ አላለም። "ስለ መጨረሻው ሰዓት ስትከራከሩ ትውላላችሁ፤ መጨረሻውን ግን አንድ ቀን አይታችሁት አታውቁም። አይፈጥኑም ትሉናላችሁ። የምትፈጥኑትማ እናንተ ናችሁ፤ ወደ ቤት!"

ማሊያውን መኪናው ላይ አስቀመጠ። "እሑድ ከዘነበወርቅ ሰፈር ጋር ነን። ና ከኛ ጋር ተጫወት ብለውኛል። እሑድም ጀርባችሁን ካየሁ ይቺን አውልቄ ወደነሱ እሄዳለሁ። ለማን ብዬ ነው የምሮጠው?" ብሎ ወጣ።

እሱ ከሄደ አብሮት የሚጫወተው ወንድሙና በረኛው ይከተሉታል፤ የሰፈራችን ቡድን አበቃለት ማለት ነው። ይህን ሁላችንም አውቀናል። ባለልኳንዳው ጭኑን መታና "እንግዲህ ሽሮው ይቀዝቅዛ!" አለ።

እሑድ መጣ። ከዕረፍት በኋላ ሦስት ለባዶ ሆንን። ይባስ ብሎ ዝናቡ ወረደ፤ ለመሄድ ከዚያ የበለጠ ምክንያት የት ይገኛል? እግሬ በልማዱ ወደ ዳገቱ ዞረ፤ እውነቴን ነው፣ በራሱ ነው የዞረው። ሾፌሩ ግን ጥላውን አጠፈና "ዛሬ አውቶቡሱ የሚነሳው ዳኛው ሲነፋ ነው! ማንም አይወርድም!" ብሎ ጮኸ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከማዶ "ሽሮው ቀዘቀዘባችሁ" ተጀምሯል። እኔ ከሥራ ቤት ይዤው የመጣሁትን የበርሜል ክዳን መምታት ጀመርኩ። "ገና ነው! ገና ነው!" እያልን ጉሮሯችን ተሰነጠቀ።

አጥቂው ዞሮ አየን። ትንሽ ሮጠና መልሶ አየን፤ ያላመነን ይመስል። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሩጫ እስከ ዛሬ በቴሌቪዥንም አላየሁት። ኳሱ ጭቃ ይዞት ከጎሉ አፍ ላይ ቆመ። ተከላካዩ ልብሱን ይዞ ሲጎትተው፣ እጅጌው ተቀዶ እጁ ላይ ቀረለት፤ የኛው ሰው ጭቃውንም ኳሱንም ራሱንም አንድ ላይ አስገባ። ዳኛው ወዲያው ነፋ። ሦስት ለአንድ።

ዘነበወርቆች እንደ ልማዱ ሊሸኙን ተከተሉን። እኛ ደግሞ አጥቂውን ተሸክመን "ሽሮው ይቀዝቅዝ፣ አግብተናል!" እያልን ከነሱ በላይ ጮኽን። አሸናፊው ማን እንደሆነ ለመንገደኛው ጠፋው። እነሱም ግራ ገብቷቸው ከመንገድ ተመለሱ።

ያ ሜዳ ዛሬ ፎቅ በቅሎበታል። ሾፌሩም፣ ባለልኳንዳውም አፈር ገብተዋል። አጥቂውም እስኪያረጅ እዚያችው ቢጫ ማሊያ ውስጥ ኖሮ አለፈ፤ ነፍሱን ይማረው። "ተሸንፋችሁ ጨፈራችሁ?" እያሉ የሚስቁብኝ አሉ። አዎ፣ ጨፈርን። አሁንም ቢሆን እጨፍራለሁ።

የዚያን ዕለት አጥቂውን ደጁ ስናደርሰው እናቱ ጩኸቱን ሰምተው ወጡ።

"አሸነፋችሁ?"

"የለም እማዬ። ሦስት ለአንድ ተሸነፍን።"

"ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው ምን ሆኖ ነው?"

ሊነግራቸው አፉን ከፍቶ ወደኛ ዞረ። "ዛሬ ጥለውን አልሄዱም፤ ከኛ ጋር ቆዩ" አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ።

እናቱ አንድ ባንድ አዩን፤ ውኃው ከፀጉራችን ላይ ይንጠባጠባል። "ታዲያ ግቡ እንጂ ልጆቼ፣ ምን በዝናብ አቆማችሁ?" አሉና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ትንሿ ቤት ሁላችንንም አልቻለችም። እኔ ደጅ ቀርቼ፣ የጣራው ጠብታ አንገቴ ሥር እየገባ፣ አጥቂው ከውስጥ ሲስቅ ሰማሁት። ከዚያ በፊት ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር።